ጣሪያ ያለፈው አቮካዶና ገና ያልተተከለው ኮክ

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት አለኝ። ከቤቱ የተረፈው ግቢ ከአንድ ሳሎን ብዙም አይበልጥም። ከሰባት ዓመት በፊት ከበላነው አቮካዶ ዘሩን ቀበርነው። ዛሬ ከጣሪያው በላይ ሆኗል። አምና ማፍራት ጀመረ፤ ግን ፍሬው ጫፍ ላይ ስለሆነ የሚበላው ወፍ ነው። ቅጠሉ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እየረገፈ አሸንዳቸውን ይደፍናል። ካቻምና የቀን ሠራተኛ በገጀራ አስቆርጬው ነበር፤ ብሶበት አረፈ። ነቅዬ ልጣለው ስል ባለቤቴ አኮረፈችኝ። በዚያ ላይ ልጄ የፖምና የኮክ ችግኝ ላምጣ እያለኝ ነው። በጠባብ ግቢ የፍራፍሬ ዛፍ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል? ወይስ ከንቱ ድካም ነው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቻላል። ድካምም አይደለም፤ ከተለመደ በኋላ በዓመት ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ይበቃዋል። መጀመሪያ ግን ካቻምና የሆነውን እናውራ። የጥያቄዎ ግማሽ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

ባህር ዛፍ ሲቆረጥ አይተዋል። አንዱ ግንድ ይወድቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ከጉቶው ስድስት ሰባት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ልጆች ይወጣሉ። ባህር ዛፍ የሚያለማ ገበሬ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግቢም የሆነው ያው ነው። ገጀራው የወሰደው የላዩን ብቻ ነው፤ ሥሩን አልነካውም። ያ ሥር ለሰባት ዓመት ትልቅ ዛፍ ሲቀልብ የኖረ ነው። በላተኛው ድንገት ሲቀንስ ጎተራው እንደሞላ ይቀራል። ያ ሁሉ ስንቅ በቀሩት ጥቂት አይኖች ላይ ይፈስሳል። (አይን የምለው ቅርንጫፍ ላይ ተኝቶ ያለውን፣ ሲነቃ ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚሆነውን ትንሽ ጉብታ ነው።) ውጤቱን አይተውታል፤ በአንድ ዓመት የሰው ቁመት የሚያክል ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ።

ሌላም ነገር አለ። የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ ወደ ታች እየወረደ ከስር ያሉትን አይኖች ያስተኛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ከቁርጡ ዝቅ ብለው ያሉት ሁለትም ሦስትም አይኖች ይነቃሉ። ስለዚህ የቆረጡበት ከፍታ አዲሶቹ ቅርንጫፎች የሚጀምሩበት ከፍታ ነው። ሠራተኛው አራት ሜትር ላይ ከቆረጠው፣ አራት ሜትር ላይ አዲስ ዛፍ ተከለልዎት ማለት ነው።

የእኔ ሥራ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ዛፍ የሚያጥረው ትልቅ ሆኖ ሲቆረጥ አይደለም። ገና በልጅነቱ ዝቅ ተደርጎ ከተጀመረ፣ ከዚያም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከተነካ ነው። ልኩም ቀላል ነው። መሬት ላይ ቆመው እጅዎን ወደ ላይ ይዘርጉ። ጣትዎ የደረሰበት የዛፉ ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፍሬ፣ እርስዎ እንዳሉት፣ የወፍ ነው።

አሁን ልጅዎ ሊያመጣው ስላሰበው ችግኝ።

ፖም ከሆነ፣ ከዝርያው እኩል ሌላ ነገር ይጠይቁ። የተዳቀለ ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው። ከላይ ያለው ፍሬውን ይወስናል። ከታች ሥር ሆኖ የሚሸከመው ሩትስቶክ ደግሞ ቁመቱን ይወስናል። እንግሊዝ ኬንት ውስጥ ያለው የኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ እነዚህን ሩትስቶኮች ለይቶ ቁጥር ከሰጣቸው መቶ ዓመት አልፏል፤ ስማቸው በ«ኤም» የሚጀምረው ለዚያ ነው። ኤም 9 ላይ የተዳቀለ ፖም ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሥሩ ደካማ ስለሆነ ግን ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤም 26 ከእሱ ትንሽ ይበልጣል። ኤምኤም 106 ዝም ከተባለ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ በመቀስ ግን ይገዛል። ኤምኤም 111 ለእርስዎ ግቢ አይሆንም። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከጨንቻ የሚመጣ የፖም ችግኝ በየከተማው ይሸጣል። ሻጩ «ሩትስቶኩ ምንድነው?» ሲባል ዝም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። እኔ ለእርስዎ ኤምኤም 106 እመርጣለሁ። ውሃ ማጠጣት ቢረሱት ከኤም 9 የተሻለ ይታገሳል።

ዝርያውን አና እና ዶርሴት ጎልደን ያድርጉት። ሁለቱም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ናቸው። አና የተገኘችው እስራኤል ውስጥ ነው፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ባሃማስ። አና ብቻዋን በደንብ አታፈራም፤ ዶርሴት አጠገቧ ሲኖር ነው ደስ የሚላት። ለሁለት ዛፍ ቦታ የለኝም እንዳይሉ፣ በአንድ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ በአንድ ክንድ ርቀት ጎን ለጎን ይትከሏቸው። ሥራቸው አንዱን አፈር ስለሚሻማ ሁለቱም ያጥራሉ። አንዷን ወደ ግራ፣ ሌላዋን ወደ ቀኝ ዘንበል ያድርጓት። ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድ ዛፍ ነው የሚመስለው።

ሲተክሉ አንድ ነገር በዓይንዎ ይፈልጉ። ከሥሩ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ጉብ ያለ፣ ትንሽ ጠመም ያለ ቦታ አለ። የተዳቀለበት ነው። ያ ቦታ ከአፈር በላይ ቢያንስ አንድ ጋት ተኩል መቆም አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ችግኙ እንዲጠነክር ብሎ አፈር ይከምርበታል። ጉብታው ከተቀበረ የላይኛው ዛፍ የራሱን ሥር ይሰድዳል። ያኔ የከፈሉበት አጭር ሩትስቶክ ከጨዋታ ውጭ ሆነ ማለት ነው። በአራት ዓመቱ «አጭር ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ይኸው ሰማይ ነካ» እያሉ ይደውሉልኛል። ሄጄ አፈሩን በእጄ ስጭረው ጉብታው ከስሩ ተቀብሮ አገኘዋለሁ።

አሁን ደግሞ የሚያስጨንቀው። ችግኙን ተክለው ውሃ ካጠጡት በኋላ ጉልበትዎ አጠገብ ይቁረጡት። አዎ፣ ግንዱን። አዲስ የገዙትን፣ ደረትዎ የሚደርስ፣ ቅጠሉ የሚያምር ችግኝ። ባለቤትዎ እንዳያዩ ቢያደርጉ ይሻላል። እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቆርጥ እጄ ተንቀጥቅጧል። ግን ዛፉ የሚከፈተው ከዚያ ነው። ጉልበት ላይ የተቆረጠ ዛፍ ቅርንጫፎቹ ከወገብዎ በታች ይጀምራሉ። ሳይቆረጥ የቀረው ከራስዎ በላይ ይጀምራል። መቁረጫው ከተዳቀለበት ጉብታ በላይ መሆኑን፣ ከቁርጡ በታችም አራት አምስት ጤነኛ አይን መቅረቱን ብቻ ያረጋግጡ። ከጉብታው በታች ከቆረጡ የሚቀርዎት ሩትስቶክ ብቻ ነው፤ ፍሬውም የሩትስቶኩ ይሆናል።

ከወራት በኋላ ብዙ ቅርንጫፍ ይወጣል። ወደተለያየ አቅጣጫ የሚያዩ ሦስት ወይም አራት ይምረጡ፣ ሌላውን ያንሱ። የቀሩት በከፍታ አንድ ስንዝር ያህል ቢራራቁ ጥሩ ነው። ከአንድ ነጥብ የወጡ ቅርንጫፎች ፍሬ ሲከብዳቸው ተሰንጥቀው ይወርዳሉ።

ከዚያ ይጎትቷቸው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ቅርንጫፍ ቅጠል ነው የሚያስበው፤ ጋደም ያለ ቅርንጫፍ ፍሬ ያስባል። ባዶ ሃይላንድ ግማሽ ድረስ አሸዋ ይሙሉና በሲባጎ ቅርንጫፉ ላይ ያንጠልጥሉት። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ዘንበል ሲል ይበቃል፣ ወደ መሬት አይድፉት። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ እንጨቱ ሲጠነክር በዚያው ቅርጽ ይቀራል። የጎረቤት ልጆች ጠርሙሶቹን አይተው «ምንድነው?» ማለታቸው አይቀርም። ግቢው ለጊዜው የጠንቋይ ቤት ይመስላል፤ ይቻሉት።

ቀጥሎ በዓመት ሁለቴ መቁረጥ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኮክና ፖም በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ቅጠላቸውን ሲጥሉ፣ ወይም ሲያመነምኑ፣ ስንቃቸው ግንድና ሥር ውስጥ ገብቷል። ያኔ መቁረጥ ዛፉን ያነቃዋል፤ ጎተራው ሙሉ ነውና። ስለዚህ የበጋው ግረዛ ለቅርጽ ነው። የሞተ፣ የተሻገረ፣ ወደ ውስጥ የገባ ይውጣ። በጋ ላይ በጣም ከቆረጡ የገጀራውን ታሪክ በትንሹ ደገሙት ማለት ነው። ቁመት የሚቀነሰው ዛፉ ሲያድግ ነው። በበልግ ዝናብ ተስፈንጥሮ የወጣውን አዲስ ቅርንጫፍ ግንቦት ላይ በግማሽ ያሳጥሩት። ዛፉ ስንቁን አውጥቶ የሠራው ቅጠል ገና ብድሩን ሳይመልስ ስለሄደበት በዚያ ወገን ይደክማል። ቀኑ ደረቅ ይሁን። ሐምሌ ውስጥ በዝናብ አይቁረጡ፤ እርጥብ ቁስል በሽታ ይጠራል፣ ኮክ በተለይ ሙጫ እያለቀሰ ቅርንጫፉ ይሞታል።

ኮክን ለብቻው ልንገርዎ፤ ጠባዩ ከፖም ይለያል። ፖም የሚያፈራው አጫጭር፣ ሸካራ፣ ለዓመታት በሚቆዩ ጉጦች ላይ ነው። እነሱን እንዳይመለምሏቸው። ኮክ ግን አምና በወጣው እንጨት ላይ አንዴ ያፈራና እዚያ ቦታ ላይ አይደግመውም። ካልተገረዘ ፍሬው በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ ላይ ይሸሻል። መሃሉ ባዶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ያፈራ አሮጌ ኮክ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ግቢ አለ! ስለዚህ በየዓመቱ ያፈራውን ያንሱ፣ እርሳስ የሚያክለውን ቀላ ያለ አዲስ እንጨት ይተዉ። መሃሉን እንደ ስኒ ክፍት ያድርጉት፣ ፀሐይ ይግባበት። ፍሬው ብይ ሲያክል ደግሞ ያሳሱት፤ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ጋት ይኑር። ይህን ስል ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ግን አርባ ብይ ከመልቀም አሥራ አምስት ኮክ መብላት ይሻላል።

ፖምን በተመለከተ ደግሞ አገራችን ብርዱ አጭር ስለሆነ ዛፉ ክረምት ይሁን በጋ ይምታታበታል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ይተኛል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ባለችው ባቱ ከተማ ያሉ የፖም ገበሬዎች ፍሬ ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በእጅ አራግፈው ዛፉን ያስነሱታል። ለሁለት ዛፍ ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ቅጠሉን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጫፉ አቅጣጫ ይሳቡት፣ ስሩ ያለው አይን እንዳይገነጠል።

ወደ አቮካዶው እንመለስ።

ሐቁን ልንገርዎ፤ ከዘር የበቀለ ስለሆነ ፍሬው እንደበላችሁት አይሆንም፣ ቁመቱም ከተዳቀለው ይብሳል። አምና ማፍራቱ ዕድለኛ ያደርግዎታል፤ አንዳንዱ አሥር ዓመት ያስጠብቃል። አሁን ሁለት መንገድ አለዎት።

አንደኛው በሦስት ዓመት ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ረጅሙን አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ብቻ ይምረጡ። ይከተሉት፤ ወደ ታች ሲወርዱ የሆነ ቦታ ወደ ጎን የሚሄድ ወንድም ቅርንጫፍ አለው። እዚያ መገናኛው ላይ ይቁረጡ። ወንድምየው ስንቁን ስለሚረከብ ያ የባህር ዛፍ ዓይነት ፍንዳታ አይመጣም። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። በአንድ ዓመት ከዛፉ ሲሶ በላይ አይውሰዱ። ጊዜው ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ካለፈ በኋላ ነው። ለስላሳ አዲስ ቡቃያ ላይ ውርጭ ከወረደ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። አበባው የሚወጣው ጫፍ ጫፉ ላይ ስለሆነ ካበበ በኋላም አይንኩት፤ የዓመቱን ፍሬ በመቀስ ይለቅሙታል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቢሾፍቱ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ አቮካዶ ገረዝኩ። ቆንጆ አድርጌ ከፈትኩት። ባለቤቱም ወደዱት። በወሩ ሲደውሉልኝ ወደ ምዕራብ ያለው የቅርንጫፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ እንደተጠበሰ ቆዳ ሆኗል። የአቮካዶ ቅርፊት ቀጭን ነው፤ ዕድሜውን በቅጠል ጥላ ስር የኖረ ነው። ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይቃጠላል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። በውሃ በጥብጠው፣ ወይም ነጭ የውሃ ቀለም ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው የተጋለጠውን ቅርንጫፍ ሁሉ የዚያኑ ዕለት ይቀቡ። የተቆረጠውን አፍ መቀባት ግን አያስፈልግም። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት አንገትጌ የመሰለ ቀለበት አለ፤ እሱን ሳይነኩ ከቆረጡ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው መንገድ ደፋር ነው፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ግን እሱን ነው። ቡና ሲያረጅ ጉንደላ እንደሚደረግለት፣ አቮካዶውንም ወገብዎ አካባቢ ይጎንድሉት። ጉቶውን ኖራ ይቀቡ። ከሚወጡት ብዙ ልጆች ጠንካራ ሦስቱን ያስቀሩ። እርሳስ ሲያክሉ አዳቃይ ይጥሩና ሐስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ያስዳቅሉባቸው። ያረፈበት ሥር የሰባት ዓመት ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ያፈራል። አገራችን ውስጥ ሐስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባል፣ ፒንከርተንና ቤከን አሉ። አንዱን ልጅ ሐስ፣ ሌላውን ፉዌርቴ ወይም ኤቲንገር ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ያፈራል፤ የአቮካዶ አበባ አንድ ቀን እንደ ሴት፣ በማግስቱ እንደ ወንድ ይከፈታል፣ የሐስና የእነዚህ ሰዓት ተቃራኒ ነው። ባለቤትዎም አያኮርፉም፤ ዛፉ አልተነቀለም፣ ያው ዛፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ፖሙ ነው፤ የሚሮጠውን ጫፍ ገና ለስላሳ ሳለ በጣትዎ ይቁረጡት። አቮካዶ ላይ መቀስ የሚያስፈልገው የዘነጋ ሰው ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። ዘይቱን ግረዛ ይወዳል፤ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያፈራ ብዙም አያስከፋም። ሎሚ ብዙ መቁረጥ አይፈልግም፤ ከታች ከሩትስቶኩ የሚወጣውን እሾሃም ልጅ ብቻ ያንሱ። ወሽመላ ለጠባብ ግቢ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ካዝሚር አይትከሉ፤ ትንሽ ካዝሚር አላየሁም። ማንጎ ደግሞ አያት ላይ አይልፉበት፣ ብርዱ አይመቸውም፤ ቅጠሉን ካልወደዱት በቀር።

ዩሪያ ለእነዚህ ዛፎች አይስጡ። «ደከመ መሰለኝ» ተብሎ የሚበተን ዩሪያ ቁመት ነው የሚሆነው። በዓመት አንዴ የበሰበሰ ፍግ ዙሪያውን፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ በቂ ነው። የእቃ ማጠቢያው ውሃ አቮካዶው ስር የሚፈስ ከሆነም አቅጣጫውን ይቀይሩት፤ አቮካዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል።

ስለ ዕቃ፦ አንድ ጥሩ የአትክልት መቀስና አንድ ትንሽ የሚታጠፍ መጋዝ ይግዙ። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ በበረኪና ያጽዷቸው፣ ሲጨርሱ ዘይት ይንኳቸው። ገጀራውን ለበግ አጥንት ያቆዩት።

የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲያወርዱ ወደ ጎረቤት ያለፈው ይሁን። ከመቁረጥዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ይንገሯቸው፤ ልብስ የሚሰጣ ካለ ያነሳሉ። ቅርንጫፉን በገመድ አስረው ወደ ራስዎ ግቢ ይሳቡት እንጂ ወደ ቆርቆሯቸው አይልቀቁት። ከዚያ መሰላሉ ተዘርግቶ ሳለ አሸንዳቸውንም ይጥረጉላቸው።